የሸለምጥማጡ ሌላኛው ዓይን

መምሬ ደስታ ከበሩ ትይዩ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ በግራቸው ቆሞ እጆቹን ወደኋላ አጣምሯል። እናቴ የጓዳውን መጋረጃ በአንድ እጇ ይዛ፣ ግማሽ አካሏ ጓዳ፣ ግማሽ አካሏ ሳሎን ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ሽፈራው ተቀመጥ ቢባል እምቢ ብሎ የበሩ ደፍ ላይ ቆሟል። ጫማዬ ጭቃ ነው አለ እንጂ፣ የተቀመጠ ከሳሽ አቅም የለውም ብሎ ይመስለኛል። የአባቴ ታናሽ እህት እትዬ ፀዳለ ግድግዳውን ተደግፋ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች፤ ጣቶቿ ላይ ያለው ቀለም በሳሙናም አልለቀቀላትም ነበር። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ ሸለምጥማጡ ነበር።

ሸለምጥማጥ የምለው ወረቀት ላይ በቀለም የተሣለውን ነው። ያኔ ግን በሥዕሉና በአውሬው መካከል ለእኔ ልዩነት አልነበረም።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሽታ ነው። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ያኔ ቤታችን ከነበረበት ብዙ አይርቅም፣ ቦታውን ግን አሁን በትክክል ላሳይ አልችልም። ባለፈው ክረምት መጨረሻ ምድር ቤት ያለችው ጎረቤቴ ለበዓል ያመጣቻቸው ዶሮዎች ደረጃው ሥር አድረው አንዳንዶቹ አንገታቸው ተበልቶ ተገኙ። ድመት ነው ተባለ። ዘበኛው ውሻ ነው አለ። እኔ ዳቦ ልገዛ ስወርድ ሽታው ደረጃው ሥር ጠበቀኝ፤ እንደ ዝባድ የከበደ፣ የረጠበ ጠጉር ያለበት ሽታ። ሸለምጥማጥ ነው አልኳቸው።

«እማማ፣ እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ?» አለች አንዷ ልጅ።

ዳቦውን ሳልገዛ ወደ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ያ ክረምት ሦስተኛ ክፍልን አልፌ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ነበር። ቤታችን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ነፋስ ወደ እኛ ሲነፍስ ከሰንጋ ተራ የበሬ ድምፅ ይሰማል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እርስ በርስ ለመሰማማት መጮህ ነበረብን፤ እኛ ቤት ግን የሚጮህ ሰው ስላልነበረ ዝናቡ እስኪያባራ ዝም እንላለን።

እትዬ ፀዳለ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በዚያው ዓመት ጨርሳለች። የሥዕል አስተማሪዋ ስለ ዱር አራዊት የሚያጠኑ ሰዎች ወደ ባሌ ተራራ እንደሚሄዱና አውሬዎቹን እያየ የሚሥል ሰው እንደሚፈልጉ ነግሯታል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፎቶግራፍ ያልተቀዳ፣ በሕይወት ያለ የዱር አውሬ ታይቶ በቀለም የተሣለ አንድ ሥዕል። ለዘመን መለወጫ መድረስ አለበት።

አባቴ እሺም እምቢም አላለም። ሴት ልጅ ድንኳን ውስጥ እያደረች አውሬ ስትከተል ሰው ምን ይላል የሚለው ያስጨንቀው ነበር። ወላጆቻቸው ስለሞቱ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። በመጨረሻ ሥዕሉን ሠርታ ታምጣና የንስሐ አባታችን መምሬ ደስታ ይዩት፣ እሳቸው ይሁን ካሉ ይሁን አለ። እትዬ ፀዳለ አመሰገነችው። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመች። አብሬያት ቆምኩ። አዲስ አበባ መሃል ቆሞ የሚሣል የዱር አውሬ ከየት እንደሚመጣ እያሰበች እንደነበር አሁን ይገባኛል። እኔ ዝናብ የምታይ መስሎኝ ነበር።

አውሬውን ያመጣው ጋሽ ሽፈራው ነው። ጡረታ የወጣ ወታደር ሲሆን ዶሮ ያረባል። በፍልሰታ ጾም እንቁላልም ዶሮም የሚበላ ስለሌለ ግቢው በዶሮ ይሞላል፤ እሱም ለእንቁጣጣሽ ገበያ ያደልባቸዋል። ያን ሰሞን በየማለዳው አንዲት ዶሮ ትጎድልበት ነበር። የሚወዳት ገብስማ ዶሮ ስትጎድልበት ጊዜ ወጥመድ ሠራ። አንድ ጠዋት የሸንበቆ ቅርጫት በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ አስቀመጠው። ውስጡ የነበረው ነገር ድምፅ አላሰማም።

ሸለምጥማጥ ስድብ ነው። ቀጫጫና ሌባ የሆነን ሰው ሁሉም በዚህ ስም ይጠራዋል። እንስሳውን ግን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ካወቅኳቸው ትልልቅ ሰዎችም ቀርቦ ያየው ጥቂት ነው። በሸንበቆዎቹ መካከል ሳጮልቅ መጀመሪያ ያየሁት ጅራቱን ነው፤ ጥቁርና ነጭ ቀለበት እየተከታተለ የሄደበት፣ ከገላው የማያንስ ጅራት። ከዚያ ነጥብ ነጥብ ያለውን ጎኑን። ከዚያ ዓይኑን። እንዲህ ያምራል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ሽፈራው ሊገድለውና ለብጤዎቹ መቀጣጫ አጥሩ ላይ ሊሰቅለው ነበር። እትዬ ፀዳለ ለመነችው።

«እስክሥለው ብቻ፣ ጋሽዬ።»

«ምን ያህል ይፈጃል? ፎቶ አንሺ እንደሆነ ጠቅ አድርጎ ነው የሚሄደው።»

«እስክጨርስ።»

ጢሙን እያሻሸ አሰበ። «እሺ። ስትጨርሺ ንገሪኝ» አለ።

ያን ክረምት እንዲያ ያስረዘመው ይህ ስምምነት ነው። እትዬ ፀዳለ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ሣጥን አስቀምጣ ተቀመጠች። ጉልበቷ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ወረቀት፣ አጠገቧ የቀለም ብልቃጥ። ብዕሩ ትምህርት ቤት የምንጽፍበት፣ እየተነከረ የሚሠራው ዓይነት ነው። እሷ ግን ጫፉን በድንጋይ ሞርዳ እንደ መርፌ አቅጥናዋለች። አንድ መስመር ትሥላለች፣ ቀና ብላ ታያለች፣ ሌላ መስመር ትሥላለች። መስመሩ ጠጉር ነው። ሲነሣ ወፈር ይላል፣ ሲያልቅ ይጠፋል። ጥቁሩን ነጥብ እንኳ በቀለም አልደፈነችውም፤ ጠጉር በጠጉር ላይ ተኝቶ ጥቁር እስኪሆን ጠበቀችው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ወረቀቱ ነፋስ የሚነፍስበት ይመስላል።

የእኔ ሥራ አውሬውን ማብላት ነበር። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ጾም ነው። ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተዋል፣ እናቴም በፍልሰታ ሥጋ ቤቴ አይገባም አለች። ለአውሬ ነው ስትባል፣ «አውሬው ይብላ፤ ቤቴ ግን ይጾማል» ብላ ጨረሰች። ስለዚህ ከጋሽ ሽፈራው የእህል ማስቀመጫ ወጥመድ የያዛትን አይጥ፣ ከወንዙ ዳር ሣር ደግሞ ፌንጣ እየለቀምኩ አመጣ ነበር። ሁሉም የጾመበት ሰፈር ውስጥ ጾም የማስፈታው እኔ መሆኔ ከበደኝ። ማለዳ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መምሬ ደስታን ጠብቄ፣ ሸለምጥማጥ በፍልሰታ ሥጋ ቢበላ ይኮነን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ቆም ብለው አሰቡበት። ያልታዘዘውን አልሻረም አሉኝና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

መምሬ ደስታ በዚያ ጾም በየማለዳው ውዳሴ ማርያምን ለሕዝቡ ይተረጉሙ ነበር። አንዲቱን ቃል ይፈቱና «አንድም» ብለው በሌላ መንገድ ይፈቷታል። ደግሞ «አንድም» ይላሉ። እኛ ልጆች እንቅልፍ እየጣለን እንሰማለን። አንድ ነገር አንድ ጊዜ ተፈትቶ እንደማያልቅ የሰማሁት ከእሳቸው ነው።

ጋሽ ሽፈራው ጠዋት ጠዋት ከእትዬ ፀዳለ ትከሻ በላይ አንገቱን ያሰግጋል።

«አልጨረስሽም?»

«ሆዱ ላይ ያለው ጠጉር ቀርቷል።»

«ለዚህ ሌባ የንጉሥ ካባ እያለበስሽው እኮ ነው» ይልና ይሄዳል። መሄዱ ግን እየቆየ መጣ። አንድ ቀን ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ለእሷ ሳይሆን ለወረቀቱ እንደያዘላት አስታውሳለሁ።

እኔ ደግሞ የራሴ ፍቺ ነበረኝ። እትዬ ፀዳለ አውሬውን ጠጉር በጠጉር እየነቀለች ወደ ወረቀቱ የምታሻግረው መሰለኝ። መጀመሪያ የጨረሰችው ጅራቱን ነው። በማግሥቱ በሸንበቆው ሳጮልቅ አውሬው ጅራቱን ከሥሩ አጥፎ ተኝቶ ነበር፤ ጅራት የለውም። ወረቀቱን ሳይ ጅራቱ እዚያ ነው፣ በሙሉ ቀለበቱ። ጀርባው ላይ ስትደርስ ወደ ጨለማው ጥግ ሸሸና ጀርባውም ጠፋኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የምታደርገው ነገር በጣም ትልቅ ስለሆነ ዝም ማለት የሚገባ መሰለኝ። ፌንጣም አበዛሁለት፤ የቀረው አካሉ እንዳይርበው።

ዓይኑን ለመጨረሻ አቆየችው። ያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት አልቆመም፤ አየሩ ስለረጠበ ቀለሙ አልደርቅ አላት። አውሬው ጎኑን ሰጥቶ፣ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ፣ አንዱን ዓይኑን በእሷ ላይ ተክሎ ነበር። መሃሉ ላይ እንደ ገብስ ቅንጣት የቆመች ጥቁር መስመር አለች። እሷን ጥቁር ለማድረግ ደጋግማ ቀለም ጨመረች፤ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ትጨምራለች። አንዲት የብርሃን ነጥብ ብቻ ባዶ ተወች። ያቺን ባዶ ነጥብ ሳይ አውሬው አየኝ። ከቅርጫቱ ሳይሆን ከወረቀቱ። ወደኋላ ሸሸሁ።

በማግሥቱ ቅርጫቱ ባዶ ነበር።

እኔ አልገረመኝም። ጋሽ ሽፈራው ግን ዱላውን ይዞ መጥቶ ቅርጫቱን ገለበጠ፣ የተፈታውን ገመድ አየ። ሌባ አስመለጠችብኝ ብሎ ለአባቴ ከሰሰ። አባቴ እንደተባለው ሁሉም መምሬ ፊት ይታይ አለ፤ ሥዕሉም ክሱም።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ መምሬ መጡ። ሥዕሉ ከፊታቸው ሲዘረጋ ወዲያው አልነኩትም። ውኃ አስመጥተው እጃቸውን ታጠቡ፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ። ይህን የሚያደርጉት መጽሐፍ ሲከፍቱ ብቻ ነበር። ከዚያ አጎነበሱ። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ የማየው የእሳቸውን ጉልበትና የጋሽ ሽፈራውን ጭቃማ ጫማ ነው። ጫማው መጀመሪያ ተንቀሳቀሰ።

«መምሬ፣ ዓይኑን ይዩልኝ» አለ ጋሽ ሽፈራው። «አንድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማነው? ጻድቅ ነው?»

መልሱን ልጅም ያውቀዋል። ቅዱሳን ፊት ለፊት ናቸው፣ በሁለት ዓይን ያዩሃል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። አባቴ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን አላሰበውም ነበር መሰለኝ፤ እግሮቹ ከነበሩበት ወደኋላ አንድ እርምጃ ሲሄዱ አየሁ። እህቱን ባሌ ሊያስልክ የነበረው ሥዕል የሰይጣን አሣሣል ሊሆን ነው።

«ልጄ፣ ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?» አሉ መምሬ።

«በዚያ በኩል ነው፣ መምሬ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «የሣልኩት ያየሁትን ነው። ያላየሁትን ብጨምርበት እዋሻለሁ።»

መምሬ በዚያ በማለዳው የትርጓሜ ድምፃቸው ጀመሩ። ዓይኑ አንድ መሆኑ ሌባ ነውና፤ ሌባ ሙሉ ፊቱን አይሰጥም። ጋሽ ሽፈራው ጉሮሮውን በእርካታ ጠረገ። አንድም፣ አሉ መምሬ፣ እግሩን ማንሣቱ መንገደኛ ነውና፤ የእግዚአብሔር ፍጥረት ሁሉ በዚህ ዓለም መንገደኛ ነው። ጋሽ ሽፈራው ይህን አልወደደውም። አንድም፣ ብለው ጀመሩና አቆሙ።

«አሁን አውሬው የት ነው?»

ይህ ነበር የፈራነው። እናቴ መጋረጃውን ስትጨብጠው የቀለበቶቹ ድምፅ ተሰማ።

«ለቀቅኩት» አለች እትዬ ፀዳለ።

«ሰማህ?» አለ ጋሽ ሽፈራው ለአባቴ።

አባቴ ለምን ብሎ ጠየቃት። ጨርሻለሁ ካልኩ ሊገድለው ነበር አለች። እያንዳንዱን ጠጉር አንድ በአንድ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሲገደል ማየት አልሆነልኝም አለች። ሥራው ቢቀርብኝም እቀበላለሁ፣ የጋሽ ሽፈራውም ቅሬታ ትክክል ነው አለች። እትዬ ፀዳለ በአንድ ትንፋሽ ያን ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ከጠረጴዛው ሥር ወጣሁ። የምታወራው ነገር ልክ አልነበረም፤ አውሬውን ልትደብቅ የምትዋሽ መሰለኝ። አልለቀቀችውም፣ እዚህ ውስጥ ነው፣ በሙሉ አካሉ ነው የገባው፤ ሌላው ዓይኑም በዚያ በኩል ነው ብላችኋለች አልኩ። ማንም ሳይከለክለኝ ወረቀቱን ገለበጥኩት።

ጀርባው ነጭ ነበር። ያ ሁሉ ጠጉር፣ ጅራት፣ ነጥብ፣ አንዱም አልዘለቀም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ወረቀቱ ያን ሁሉ ቀለም ደጋግሞ በጠጣበት፣ ጥቁር ነገር ነበር። እንደ ገብስ ቅንጣት የቆመ። መሃሉ ላይ ቀለም ያልነካት ነጭ ነጥብ ሳትደፈን ቀርታለች። ከዚያ በፊት ጀርባውን አይቼው አላውቅም። ይኖራል ብዬ ገለበጥኩ፣ ነበረ።

«ይኸው» አልኩ።

የሳቀ የለም። እናቴ መጋረጃውን ለቃ ሙሉ በሙሉ ወደ ሳሎን ገባች። ጋሽ ሽፈራው ጫማውን ረስቶ ደፉን አለፈ። እትዬ ፀዳለም አላየችውም ነበር፤ የሠራችውን ነገር እንደ እንግዳ ነገር ታየው ነበር። መምሬ ደስታ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ በሩ ብርሃን ያዙት። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። በብርሃኑ ውስጥ አውሬው በሁለቱም በኩል ቆመ፤ ወዲህም ወዲያም ያያል። በበሩ የገባው ነፋስ ወረቀቱን ሲነካው የሚተነፍስ ይመስላል።

«አንድም» አሉ መምሬ። ቆዩ። ሳይቀጥሉ የሚቀሩ መስሎኝ ነበር። «አንዱ ዓይኑ ወደ እኛ ነው። አንዱ ወደ ፈጣሪው ነው። እኛ የምናየው በእኛ በኩል ያለውን ነው።»

ጋሽ ሽፈራው፣ «የእኔስ ዶሮዎች፣ መምሬ?» አለ። ድምፁ ግን የከሳሽ አልነበረም።

«የእሱን ጠጉር የቆጠረ የእነሱንም ላባ ይቆጥራል። አንተ ደግሞ የዶሮ ቤትህን በር ዝጋ።»

ያን ጊዜ ተሳቀ። መምሬ ወረቀቱን ለአባቴ ሰጡት፣ በሁለት እጃቸው። ያየውን ብቻ የሚናገር ምስክር ብዙ አይገኝም፣ ሲገኝ ቤት አይዘጋበትም አሉት። አባቴ ሥዕሉን አየ፣ ገልብጦ አየ፣ እህቱን አየ። መልስ ይሰጣል ብለን ስንጠብቅ ወደ እናቴ ዞረ።

«ባሌ ብርድ ነው ይባላል» አላት። «ካፖርቴን አውጪና አናፍሺው።»

እትዬ ፀዳለ እጆቿን ከነጠላዋ አወጣች።

ሰዎቹ ሥዕሉን አይተው ተቀበሏት፤ የሄደችውም በዓሉ ሳይደርስ ነው። መኪናው ጭቃውን ስለፈራ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። የአባቴን ካፖርት ለብሳለች፤ እጀታው ጣቶቿን ይሸፍናል። ሥዕሉን ጠቅልላ ጌጃ ሰፈር ያለ አናጺ በሠራላት ወፍራም ሸንበቆ ውስጥ ከታዋለች። አባቴ ሻንጣዋን ይዞ ከፊት ከፊት ሄደ። እናቴ በሩ ላይ ቀረች። ጋሽ ሽፈራው በጨርቅ የተቋጠረ የተቀቀለ እንቁላል አምጥቶ እጇ ላይ አኖረላት።

«እነዚህን ደግሞ እንዳትለቂያቸው» አላት።

እኔ እስከ አስፋልቱ ተከተልኳት። ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። የቀለም ሽታ ነበራት፣ የሸለምጥማጡም ሽታ ከልብሷ አልወጣም። ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፣ ሸንበቆውን ጉልበቷ ላይ አጋደመችው። ወደ ፊት ነበር የምታየው። እኔ በጎን ስለቆምኩ የሚታየኝ አንዱ ዓይኗ ብቻ ነው። መኪናው ተነሣ።